የመስኮቷ

ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷን «ችኩሏ» ነው የሚሏት፤ እሷም ትስቃለች እንጂ አትቀየምም። የሠራተኛው ሰርቪስ የሚጠብቅ ሹፌር ቢኖረው ማን ይቸኩል ነበር? ሹፌሩ ግን ክላክሱን ሦስቴ አስጩሆ እብስ ነው፤ ያመለጠው በእግሩ ያዘግማል።

ስለዚህ የሴቶች ቀዶ ጥገና ክፍል ነርሶች የሚረካከቡት በሩ ላይ ቆመው፣ ቦርሳቸውን በትከሻቸው እንዳንጠለጠሉ ነው። ስም የሚጠራ የለም። «የጥጓ ማስታገሻ ትፈልጋለች፤ የበሯ ደህና ናት፤ የመስኮቷን ስኳሯን ለክቼዋለሁ፣ ከእራት በፊት ኢንሱሊኗን ውጋልኝ። በል ደህና እደር!» አለቀ፣ ደቀቀ። እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ማንም አልሞተባቸውም። ወይም ሞቶ ከሆነ በምን እንደሞተ የጠየቀ የለም።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበር። ዳይሬክተሩ «የአገልግሎት ጥራት» የሚል ጨርቅ ከኋላው አሰቅሎ፣ ግድግዳው ቀለም ይቀባል፣ የአስተያየት ሣጥን ይሰቀላል፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የሠራተኛ የእጅ ስልክ በሥራ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል አለ። ተጨበጨበ። ስለ ርክክብ ግን ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። ችኩሏም ብትሆን ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነበር።

ይኸው አሁን ሰርቪሱ ውስጥ ተመቻችታ ተቀምጣለች። ምን ዋጋ አለው፣ መቀመጫው እሾህ የበቀለበት ይመስል አላስቀምጥ አላት። የሆነ ነገር ረስታለች። ቁልፏን ዳበሰች፤ አለ። መነጽሯም አለ።

«ምነው ሲስተር፣ ምን ያቁነጠንጥሻል?» አላት ከጎኗ የተቀመጠው የላቦራቶሪ ሠራተኛ።

«እኔ እንጃ፣ ልቤን ፈራ ፈራ አለው።»

«ብርዱ ነው። ቆይ መስኮቱን ልዝጋልሽ።»

መስኮት! አሁን ታወሳት።

ከስብሰባው በፊት፣ መስኮቱ ሥር የተኙት የስኳር ሕመምተኛ አሮጊት «ልጄ፣ ይሄ መስኮት አልገጥም ብሎ ብርዱ የቆሰለ እግሬን ፈጀው» ብለዋት ነበር። በሩ ጋ የነበረችው፣ ጠዋት ትርፍ አንጀቷ የወጣላት ወጣት ደግሞ «አየር አጣሁ» ትላለች። ችኩሏ ሁለቱን አቀያየረቻቸው። ከአልጋዎቹ ግርጌ የተንጠለጠሉትን ካርዶች ግን ከስብሰባ መልስ አቀያይራለሁ ብላ ተወቻቸው፤ በዚያው ረሳቻቸው። ርክክቡ ላይ ምላሷ ደግሞ እንደለመደው «የመስኮቷን ኢንሱሊኗን ውጋልኝ» አለ። ተረካቢው ረጅሙ ነርስ ዛሬ ገና ከዓመት ፈቃድ መመለሱ ነው፤ ከታማሚዎቹ አንዷንም አያውቅም። ልጅቱ ስኳር የለባትም፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ማደንዘዣው ገና በደንብ ስላልለቀቃት እያንቀላፋች ነው፤ «ይሄ የምን መርፌ ነው?» ብላ አትጠይቅም።

«ወይኔ ጉዴ!»

ወደ ክፍሉ ደወለች። ስልኩ ይጠራል፤ ግን ያለው በኃላፊዋ ቢሮ ውስጥ ነው፣ ኃላፊዋ ደግሞ ቆልፋ ሄዳለች። ረጅሙ ጋ ደወለች፤ ዝግ ነው። መሳቢያ ውስጥ፣ ለጥራት ሲባል!

«ወራጅ አለ! አቁምልኝ!»

«ችኩሏ፣ ዛሬ ደግሞ ወደ ኋላ ነው የምትቸኩዪው?» አለ ሹፌሩ። ሳቁን ሳትሰማ ወርዳ ሮጠች። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሏታል። የሚለቀም ነገር ባይተርፍስ?

ስትደርስ ረጅሙ እጁን እየታጠበ ነበር።

«ወጋሃት?»

«ማንን?»

«የመስኮቷን!»

«ቆየሁ እኮ። እንዳልሽኝ።»

ልጅቱ አንሶላ እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ትራሷ በላብ ረጥቧል። ብትጠራት ዝም፣ ብትነቀንቃት ዝም።

«ስኳር የለባትም! ግሉኮስ አምጣ፣ ቶሎ በል!»

አንዴ ደም ሥሩን ሳተች። ሁለተኛው ሲገባላት፣ መድኃኒቱን እየገፋች «እህቴ፣ በፈጠረሽ፣ ዓይንሽን ግለጪልኝ» ብላ ለመነቻት። ልጅቱ ቆይታ ቆይታ ዓይኗን ገለጠችና «ውሃ» አለች። ችኩሏ መሬት ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች።

ረጅሙ ጎንበስ አለላት። «ድናለች እኮ። እኛ አፋችንን ካልከፈትን ማን ያውቃል?»

እውነቱን ነው፣ ማንም አያውቅም። እንጀራዋ ነው፣ ልጆቿ ናቸው። ግን ዝም ካለች ነገም በሩ ላይ ይረካከባሉ፣ ከነገ ወዲያም። ተረኛው ሐኪም ገብቶ «ምን ሆና ነው? ግሉኮሱን ማን አዘዘላት?» ሲል ተነሳች።

«የሌላ ሰው ኢንሱሊን ተወግታ ነው። የወጋው እሱ ነው፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነው። በሩ ላይ ቆሜ፣ አልጋ እንጂ ሰው አላስረከብኩትም» አለች። ሐኪሙ «ነገ ዳይሬክተሩ ፊት ትደግሚዋለሽ» አላት። ጠዋት ደገመችው። ቅጣቱ በኋላ ይነገርሻል ተባለች።

በዚያው ቀን የመውጫ ሰዓት ደረሰ። ረጅሙ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ሊቆም ሲል እጅጌውን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው፤ ከአልጋ ወደ አልጋ። ውጭ ክላክሱ አምባረቀ።

«ሰርቪሱ ሊሄድብሽ ነው!»

«ይሂድ።»

መስኮቱ ሥር ልጅቱ ቀና ብላ ሾርባ እየጠጣች ነው። ስሟን ጠየቋት፣ ከካርዷ ጋር አስተያዩት። ክላክሱ ደገመ። በሩ ጋ ወዳሉት አሮጊት መጡ።

«እማማ፣ ማን ልበልዎት? ስምዎን ይንገሩኝ።»

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋት።

«ይሄን ያህል ጊዜ ስትወጊኝ ከርመሽ፣» አሏት፣ «ስሜን የጠየቅሽኝ ገና ዛሬ ነው፣ ልጄ።»

ውጭ ክላክሱ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸና ሰርቪሱ ሄደ።