ከነቀንበሩ የቆመ ማሽን

አለምሰገድ የማሽኑን ትንሽ በርሜል አቅፎ በወደቡ ከተማ ቡላኦስ ሰፈር ወዳለው የዓብዱረዛቅ ሱቅ ሲገባ፣ ባለሱቁ ከወንበሩ ሳይነሣ አንገቱን አሰገገ። ከዱባይ በኮንቴይነር የመጡ አሮጌ መሣሪያዎች እስከ ጣሪያ በተደረደሩበት በዚያ ሱቅ፣ ይህን ድንጋይ ማለስለሻ «ወስደህ ሞክረው፤ ከተስማማህ ያንተ ነው» ብሎ የሰጠው እርሱ ነበር።

«ምነው፣ ድምፁ አስጨነቀህ?»

«አልዞር አለ።»

ዓብዱረዛቅ ክዳኑን ፈልቅቆ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ጠጠሩ፣ ድንጋይ የሚሞርደው ሻካራ ዱቄትና ውኃው ተጋግረው አንድ አለት ሆነዋል። በጠመንጃ መፍቻ ወጋ ወጋ አደረገውና ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ማሽን ሰጠሁህ፤ አንተ ሲሚንቶ አመጣህልኝ። ያለማቋረጥ ይዙር አላልኩህም?»

«ብለኸኛል። ግን በመካከሉ ሰንበት አለ። ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለች…»

«ማሽኑን በዓል ታስከብረዋለህ?» ዓብዱረዛቅ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው፤ አማርኛው እንደ ውኃ ይፈስሳል፣ አንቱታ ግን አያውቅም። «እሑድ እሑድ አንተ ራስህ ወደብ ገብተህ ወረቀት ስታገላብጥ ትውላለህ። በርሜሉ ብቻ ነው የሚጸድቀው?»

«ወደቡ የእኔ አይደለም፤ እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው፤ በሀገሩ ሕግ አድራለሁ። በርሜሉ ግን በእኔ ደጅ ያለ ነው። በሬህም አህያህም ይረፉ ነው የተባለው።»

«ይኼ በሬ ነው?»

ጥያቄው በአለምሰገድ ልብ እንደ እሾህ ተሰክቶበት ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወዳጁ ዋለልኝ ከወደቡ ዕቃ ጭኖ ወደ ኢትዮጵያ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሚስቱ ፀደይ የመጀመሪያ ልጃቸውን በወለደች ሰሞን፣ በጋላፊ መንገድ ዳር ጎማ ሲቀይር አንድ ድንጋይ አገኘ፤ ላዩ እንደ ደረቀ ጭቃ የደበዘዘ፣ የተሰበረው ገጹ ግን እንደ ማር የቀላና በነጭ መስመር የተጠቀለለ። የክርስትና አባት እንዲሆን ለተመረጠው ለአለምሰገድ ሰጠውና «የልጄ የአንገት መስቀል ከዚህ ይሁን» አለው። አለምሰገድም ጠፍጣፋውን ገጽ በመስቀል ቅርጽ አስቆረጠው። ፈረንሳዮቹ አጋት፣ ዓብዱረዛቅ አቂቅ ይሉታል፤ አለምሰገድ ደግሞ በአሮን የደረት ኪስ ላይ ከተሰኩት ዕንቁዎች ኬልቄዶን የተባለው ይሆን እያለ ይመራመራል። ድንጋዩ አንድ ብቻ ነው፤ ወንድ ልጅ ደግሞ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፤ ከዚያም የሚበዛው አልፏል።

«መስቀሉን በዚህ ውስጥ ከትተኸዋል?» አለ ዓብዱረዛቅ፣ በርሜሉን ዘቅዝቆ እየደበደበ።

«የለም። ከመስቀሉ የተረፉትን ቁርጥራጮች ነው ያስቀደምኩት።»

ጭቃው ተሰንጥቆ ወደቀ። ቁርጥራጮቹ ሲገቡ ጥግ ጥጋቸው እንደ ምላጭ ነበር፤ አሁን እንደ ባቄላ ድብልብል ብለዋል። አለምሰገድ አንዱን በጣቶቹ መካከል እያገላበጠ የመስቀሉን ክንዶች አሰበ።

«ይኼ የሚዞረው እያላተመ ነው የሚሞርደው» አለ ዓብዱረዛቅ። «የሚንቀጠቀጠው ግን ድንጋዩን ባለበት ያሻዋል እንጂ አይጥለውም፤ ቅርጹን አይነካም። ደግሞ ፈጣን ነው፤ ያኛው በሳምንት የሚሠራውን ይኼ በሁለት በሦስት ቀን ይጨርሳል። ና ተመልከት።»

የሚንቀጠቀጡት ሁለት ነበሩ። ትልቁ ውብ ነበር፤ አለምሰገድ ግን ዕቃ የማያምን የወደብ ሠራተኛ ነውና ጎንበስ ብሎ የጀርባውን ጽሑፍ አነበበ፤ መቶ ዐሥር ቮልት፣ ስድሳ ኸርዝ።

«ይኼ የአሜሪካ ነው።»

«ትራንስፎርመር አለኝ።»

«ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል፤ የንዝረቱን ፍጥነት ግን አይለውጥም። የዚህ ሀገር መብራት ሃምሳ ኸርዝ ነውና ይዘገያል።»

«ለሰንበት አከባበርህ ይመችሃል» አለና ዓብዱረዛቅ ሳቀ። ትንሹን ግን ራሱ አወረደው። ጽሑፉ ከሀገሩ መብራት ጋር ይስማማል። እነዚህ ማሽኖች ጎድጓዳቸው እስከ አፉ ካልሞላ በወጉ አያሹም፤ ለአንድ መስቀል ትንሹ ይበቃል፤ የቀረውን ቦታ መስቀሉን እንደ ትራስ የሚደግፉ የሸክላ ጠጠሮች ይሞሉታል። ክዳኑ ተነሥቶ እየሠራም ውስጡ ይታያል። ዓብዱረዛቅ በጠጠር ሞልቶ ሲያስነሣው፣ ጠጠሮቹ እየተገለባበጡ በክብ ይጓዙ ጀመር፤ ሲፈላ እንደሚታይ ሽሮ፣ ግን ያለ እሳት። አለምሰገድ አፉን ከፍቶ ቆመ።

ከመውሰዱ በፊት ግን ያ እሾህ መነቀል ነበረበትና ወደ ንስሐ አባቱ ወደ አባ ዮሳዲቅ ሄደ። «አባቴ፣ ማሽን እንደ በሬ ነው ወይስ እንደ እርሾ? እርሾ በሰንበት ሊጡን ሲያቦካ ማንም አይከለክለውም።»

አባ ዮሳዲቅ የተበላሸውን በርሜል ታሪክ እስከ መጨረሻው አዳመጡና ፈገግ አሉ። «እርሾ የሚያስነሣውም የሚያጠፋውም ማብሪያ የለውም። ያንተስ በሬ ነው። ነገር ግን፣ ልጄ፣ በሬ ሲያርፍ ከቀንበሩ ይፈታል፤ ይታጠባል፤ ውኃ ይጠጣል። አንተ ከነቀንበሩ ፀሐይ ላይ አቁመኸው ሄድክ። አላረፈም እኮ።»

አለምሰገድ ካርቲየ ሰባት ቢስ በተባለው ሰፈር ባለችው የቆርቆሮ ክፍሉ፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ ማሽኑን በአሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጠ። ሙቀቱ ውኃውን እየመጠጠ ሲያስቸግረው ጠዋትና ማታ በማንኪያ ይጨምርለታል። ሰንበት ሲገባ፣ በዓልም ሲውል ቀድሞ «ይፈታዋል»፤ መስቀሉን አውጥቶ ያጥባል፣ ጠጠሮቹን ያጥባል፣ ጎድጓዳውን በጣቱ እያሸ ያለቀልቃል። አንዲት ቅንጣት ሻካራ ዱቄት ወደሚቀጥለው ደረጃ ብትሻገር የለሰለሰውን እንደምትቧጭር ዓብዱረዛቅ ነግሮት ነበርና፣ ዕረፍቱ ሥራውን ሲያጠራው አይቶ ተደነቀ። የመስቀሉ ክንዶች ጫፎችም ሳይሞረዱ እንደ ተቆረጡ ናቸው።

ከክርስትናው በፊት ያለችው ዓርብ መጣች። የመጨረሻው ማንጸባረቂያ ዱቄት ከገባ ገና አንድ ቀኑ ነው። መስቀሉ እንደ ሳሙና ልሟል፤ ብርሃን ግን አይመልስም። ዓብዱረዛቅ ሊያይ መጥቶ በጣቱ ዳሰሰው።

«ነገንና ከነገ ወዲያን እየሠራ ተወው፤ ያበራል።»

«ልጁ የሚጠመቀው ከነገ ወዲያ ነው።»

«እንግዲያስ ዛሬ ሌሊቱን ብቻ። ማን ያይሃል? ድምፁ እንደ ንብ ነው።»

አለምሰገድ ጎድጓዳው ውስጥ የሚዞረውን መስቀል ተመለከተ። ሲያበራ ሊያየው ፈልጎ ነበር፤ እጅግ ፈልጎ ነበር። ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ፣ የቅዳሜ ሰንበት ሳይገባ ማብሪያውን አጠፋ።

እሑድ ሕፃኑ ተጠምቆ ሲወጣ፣ አለምሰገድ ማተቡን ከነመስቀሉ አሰረለት። አንገቱ ገና እርጥብ ነበር። ድንጋዩ ውኃውን ሲነካ ማሩ ተከፈተ፤ ነጩ መስመር እንደ ክር ፈክቶ ታየ። ዋለልኝ ጎንበስ ብሎ ተመለከተው።

ጥቂት ቆይቶ ደረቀና ደበዘዘ።

«አላለቀም» አለ አለምሰገድ ዓይኑን ሰብሮ። «ሰኞ መልሼ ልጠምደው። በሁለት ቀን ይደርሳል።»

ፀደይ ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። «የታሰረ ማተብ ማን ይፈታል? አንተ ራስህ አሰርከው እኮ።»

አለምሰገድ ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ አባቱ ከመንገድ ያመጣው ድንጋይ የሕፃኑን ከንፈር ነካና ሕፃኑ መጥባት ጀመረ። ሲተፋው እርጥቡ ድንጋይ ያበራ ነበር።