ሾፌሩን የቀበርኩበት ገጽ

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ቁልፍ ማሽኑ ላይ ሳስር ልብስ ሰፊዋ መጣች። ሱቄ ሱቅ ከተባለ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ አንዱ ትንፋሹን መያዝ አለበት። ቁልፍ እቀርጻለሁ፣ የተበላሸ ጓጉንቸር እፈታለሁ። ሰው ቁልፉ እስኪደርስለት ቆሞ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። በሰፈሩ «እሱ ጆሮ የገባ ነገር አይወጣም» ይሉኛል። እሷ ግን የዚያን ቀን ወግ ይዛ አልመጣችም።

«ማሽኑን አጥፋ» አለችኝ።

አጠፋሁ።

«ትላንት ያነበብከውን ድገምልኝ።»

«የቱን?»

«ሁለተኛውን ገጽ።»

በቤተ ክርስቲያናችን እሑድ እሑድ ከስብከቱ በፊት የስም ዝርዝር ይነበባል። አንባቢው እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ዝርዝሩ ሁለት ገጽ ነው። በመጀመሪያው ገጽ የታመሙት፣ በሁለተኛው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ያረፉት ተጽፈዋል። ስም በጠራሁ ቁጥር ሕዝቡ ለታመመው «ማረው»፣ ላረፈው «ነፍሱን በሰላም ያሳርፍልን» ይላል። ወረቀቱ ስርዝ ድልዝ ሲበዛበት በየሦስት ወሩ በአዲስ እገለብጠዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ገልብጬ ነበር።

«አራተኛው ላይ ማንን ነው ያነበብከው?»

«ባልሽን» አልኩ። አነጋገሬ የለቅሶ ቤት አነጋገር ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናሽ። ቀብሩ ላይ ባለመገኘቴ…»

«ቀብሩ ላይ ማንም አልተገኘም» አለች። «ሟቹም ጭምር። ቤት ተኝቷል።»

እጄ ላይ የነበረው ቁልፍ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ በድን ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ተሰልፈን ሄድን፤ ወንበር ጠፍቶ በየግድግዳው ተደግፈን ጸለይንለት። ከዚያ በየሳምንቱ የነበረው በየወሩ ሆነ፤ በየወሩ የነበረው ሰላምታ መላክ ሆነ፤ ሰላምታውም መንገድ ላይ ቀረ። እኔ ሁለት ጊዜ ነው የሄድኩት።

ዝርዝሩን ስገለብጥ ስሙ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆሞ ነበር። ስለ እሱ አንድ ቃል ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል። ሚስቱን ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት ጥቁር ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ በኋላ በር ስትወጣ አይቻታለሁ። መጠየቅ እችል ነበር። «ባልሽ እንዴት ነው?» ብላት ግን «አንተስ መቼ መጥተህ አየኸው?» ብትለኝ መልስ የለኝም። አፈርኩ። አፍሬ የሰውየውን ስም ከአንደኛው ገጽ አንስቼ ሁለተኛው ላይ አሳረፍኩት። እሑድ ዕለትም ለሙታን በማወጣው ለስላሳ ድምፅ አነበብኩት።

«ጥቁር ለብሰሽ አይቼሽ ነው» አልኳት።

«እናቴ ናት የሞተችው። እናቴ። እሷን ደግሞ ማንም አልጠራልኝም። የሞተችውን ትታችሁ ያልሞተውን ትቀብራላችሁ።»

«እኔ እኮ…»

«ዝም በል። ጆሮህ ትልቅ ነው አይደል የሚሉህ? እንግዲያው ስማ።»

ቁልፍ ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ከኋላዋ አንገቱን አሰገገ። «የኔ ደረሰ?» አለ።

«ቆይ ወንድሜ» አለችው ዞር ሳትል። «ሰው ከመቃብር እያወጣን ነው፤ ተራህን ጠብቅ።»

ደንበኛው ሄደ። እሷ ቀጠለች።

«እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ‹ጠሩኝ?› ይለኛል። ‹ጠሩህ› እለዋለሁ። ከዚያ ከእሱ ጋር የተጠሩትን አንድ በአንድ እነግረዋለሁ፤ በቃሌ ይዤ ነው የምመጣው። የሳምንቱ ስንቁ እሷው ናት። ሌላ ምን አለው? ትላንት ‹ጠሩኝ?› አለኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ ያልሰማሁ መሰልኩ። ደግሞ ጠየቀኝ። ‹አርፍጄ ደረስኩ፣ አልሰማሁም› አልኩት። ሦስት ዓመት ዋሽቼው አላውቅም፤ ፊቴን አየና ገባው። ‹አወጡኝ ማለት ነው› አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ሳስጠጋለት ጥርሱን ይነክሳል።»

«እሑድ አርመዋለሁ። በሕዝቡ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«እሑድ? እስከዚያ በባዶ ሆድ ይጠብቅልህ?»

አፌ ልማዱን አመጣ። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ እህቴ፣ ሆን ብዬ…»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል። ያላወቅከው አንተ ነህ።»

ከዚያ ቁርጡን ነገረችኝ፦ «ወይ አሁን መጥተህ በገዛ አፍህ ትነግረዋለህ፤ ወይ እሑድ እኔ ራሴ ከሕዝቡ መሃል ተነስቼ ያንተን ስም ሁለተኛው ገጽ ላይ አነበዋለሁ። ከዚያ በኋላ ደጃችሁን አልረግጥም። መጸለይ እንደሆነ የቤቴም ግድግዳ ይበቃኛል።»

ሱቁን ዘጋሁ።

ቀድማኝ ትራመዳለች፤ እኔ ከኋላ ከኋላ። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ እኔም ንዴት ያዘኝ። መጀመሪያ በእሷ ላይ፣ ቀጥሎ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ላይ፣ ከዚያ በሁሉም ላይ።

«እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ጥፋተኛው?» አልኳት። «ስሙ ሲነበብ ሦስት መቶ ሰው ‹በሰላም ያሳርፍልን› ብሏል። ‹ይሄ ሰውዬ መቼ ሞተ?› ያለ አንድ ሰው አለ?»

ቆማ ዞረች። «ታዲያ ያቃጠለኝ ምን መሰለህ? አንተማ ተሳሳትክ። እነሱ አሜን አሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የኔ ባል ስሙ ቀድሞት ወረደ።»

ቤታቸው አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት ናት። አልጋው መስኮቱ ሥር፣ የልብስ ስፌት መኪናዋ ከአልጋው ግርጌ፣ እየሰፋች ፊቱን እንድታየው ሆኖ ተቀምጧል። አንገትጌ ያልገባላቸው የተማሪ ሸሚዞች ወንበሩ ላይ ተከምረዋል። ከጣሪያው መንጠቆ ላይ በግራ እጁ የሚጎትተው ገመድ ወርዷል። ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፉ ሰዓቶች አሉ፤ ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ እሱን የምትገለብጥባቸው ናቸው። እኔ ሁለት ጊዜ መጥቼ ይህን ጠመኔ አላየሁትም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ ነበር።

«ሰው ይዤ መጥቻለሁ» አለችው።

«ማንን?» አለ ከግድግዳው ሳይዞር። ቃሉ ከአፉ ግማሽ ነው የሚወጣው፤ ጆሮ ሰጥተው ካዳመጡት ግን ይሰማል።

«አንባቢውን።»

ዞር አለ። እኔም ስለ ሰው ድካም፣ ስለ መርሳት፣ ስለ ወረቀት መብዛት ማውራት ጀመርኩ።

«ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ» አለችኝ ከበሩ።

ነገርኩት። ጥቁር ልብሷን አይቼ፣ መጠየቅ አፍሬ፣ ስሙን ወደ ሁለተኛው ገጽ ማዛወሬን ነገርኩት።

«ከማን ቀጥሎ ነው ያነበብከኝ?» አለ።

«ከአዋላጇ። ጡረታ የወጡት።»

«እሷ ሞታለች?»

«አምስት ወር ሆናቸው።»

ወደ ሚስቱ ተመለከተ። ዓይኑ ቀላ። «ከዝርዝሩ ስትወጣ ድና ነው ብዬ አምስት ወር ሙሉ ሳመሰግን ነበር።»

«ሐዘን እንዳይበዛብህ ብዬ ነው ሁለተኛውን ገጽ የማላመጣልህ» አለች።

«አንቺም እንደ እሱ» አላት። ቃሉ በደንብ ወጣ። እሷም ፊቷን ወደ ሸሚዞቹ አዞረች።

«ወረቀቱ አለህ?» አለኝ።

ኪሴ ውስጥ ነበር።

«አንደኛውን ገጽ አንብብ።»

ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ የሰው ሕመም ነው። የመጀመሪያውን ጠራሁ።

«ዳቦ ጋጋሪዋ። ኩላሊቷ እንዴት ሆነ?»

«አላውቅም።»

ሁለተኛውን ጠራሁ።

«ከመሰላል የወደቀው ቀለም ቀቢ። መራመድ ጀመረ?»

«አላውቅም።»

«የምትቀጥለዋስ? ዓይኗን ኦፕራሲዮን ልትሆን ነበር።»

«እሱንም አላውቅም።»

ሰባት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሰባት ጊዜ አላውቅም አልኩ።

«ታዲያ ምን ታውቃለህ?»

«ስማቸውን።»

ያን ጊዜ ገመዱን ያዘና በግራ እጁ ብቻ ራሱን ከትራሱ አነሳ። አንገቱ ላይ ሥሮቹ ተገተሩ። ሚስቱ ልትደግፈው ብትመጣ በዓይኑ መለሳት።

«እኔ እዚህ ተጋድሜ በቀን ሦስት ጊዜ እጠራቸዋለሁ» አለ። «ወደ መስኮቱ ስትገለብጠኝ ግማሹን፣ ወደ ግድግዳው ስትመልሰኝ ግማሹን። መስመር አለኝ። ፌርማታ በፌርማታ። አንዱን ሳላሳፍር አልፌ አላውቅም። አንተ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ አውቶቡስ ነው የምትነዳው። ጥሩምባ ብቻ።»

እሷ መቀስ በእጇ እንደያዘች ቀረች። «ወሬ ለመስማት የምትጠይቀኝ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ሰው ናፍቆህ።»

«ሰውም ናፍቆኛል» አለ። «ግን ሥራዬ ነው። ትላንት ዝርዝሩን ስትከለክዪኝ ከሥራ ያባረሩኝ መሰለኝ። የቀረችኝ ሥራ እሷ ነበረች።»

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«እሱን ኋላ እናየዋለን። ሂድና ቀለም ቀቢውን እየው። ነገ መጥተህ ትነግረኛለህ። እሑድ አይደለም፤ ነገ።» ትራሱ ላይ ወደቀ፤ ላቡ ግንባሩን አርሶታል። ከዚያ ለሚስቱ፣ በቁጣው ላይ ሳለ፣ «ማንኪያውን አምጪ። እንዲህ በባዶ ሆድ ሰው መቆጣት ያደክማል» አላት።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ቀለም ቀቢውን ፍለጋ ሄድኩ። ቤቱ የለም። ከአንድ ፎቅ በረንዳ ላይ ግድግዳ ሲቀባ አገኘሁት።

«ገና ‹ማረው› እያላችሁልኝ ነው?» አለኝ ከላይ ሆኖ። «ሥራ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ምነው፣ መልሳችሁ ልትሰብሩኝ ነው?»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ዳቦ ጋጋሪዋ ግን ብሶባት ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ግድግዳ ይዛ ነው። ለምን እንደመጣሁ ስነግራት «ስሜ ሲነበብ የሚሰማ ሰው አለ እንዴ?» አለች። ሾፌሩ በቀን ሦስት ጊዜ እንደሚጠራት ነገርኳት። በሩን ይዛ ቆማ አለቀሰች፤ ቀጥላም «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?» ብላ ተቆጣችኝ። ያ ሳምንት በየደረስኩበት የተሰደብኩበት ሳምንት ነው። ሁሉም እውነት ነበራቸው።

በየቀኑ ለሾፌሩ ወሬ አደርሳለሁ። ስለ ቀለም ቀቢው ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ወዲያው «አራት ወር በከንቱ አስለመነኝ፤ ለሌላው አውለው ነበር» ብሎ ተናደደ። ሚስቱ በር ትከፍትልኛለች እንጂ ሰላም አትለኝም። ውኃ እንኳ አቅርባልኝ አታውቅም። አልፈረድኩባትም።

እሑድ ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። ከማንበቤ በፊት ያደረግኩትን ተናገርኩ፤ አፍሬ አለመጠየቄንም አልደበቅኩም። ከፊት ያሉት አጎነበሱ። አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ልብስ ሰፊዋ እጇን አጣጥፋ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በሁለተኛው ገጽ የእናቷን ስም ጨምሬ ነበር፤ ሳነበው አንገቷን አልደፋችም። በአንደኛው ገጽ የባሏ ስም ሲጠራ ግን «ማረው» ያለችው ድምፅ ከሕዝቡ ሁሉ ቀድሞ ተሰማኝ። የልመና ድምፅ አይደለም። የጠበኛን በር የሚደበድብ ድምፅ ነው።

ከጸሎት በኋላ አንድ ሽማግሌ ጎተት አደረጉኝ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ነገር በዝምታ ብታርመው ይሻል ነበር። ምእመናን ያዝናሉ።»

«አባቴ፣ በዝምታ ነው የቀበርነው» አልኳቸው። በሕይወቴ ለትልቅ ሰው እንደዚያ መልሼ አላውቅም። ትቻቸው ወጣሁ።

ቤታቸው ስደርስ እሷም ገና መግባቷ ነው፤ ጫማዋን አላወለቀችም።

«ጠሩኝ?» አለ።

«ጠሩህ።» ወደ እኔ በአገጯ አመለከተች። «የቀረውን እሱ ይንገርህ። የኔ አፍ ደክሞታል።»

ወንበሩ ላይ ያሉትን ሸሚዞች አንስቼ መቀመጥ እንደምችል አላወቅኩም፤ ቆሜ ወረቀቱን አወጣሁ። እሷ ግድግዳው ላይ ያለውን ጠመኔ አየች፣ ሰዓቱን አየች። አልጋው ጋ ሄዳ ትከሻውን ያዘች።

«ምን ትገተራለህ?» አለችኝ። «ወረቀቱን አስቀምጥና በዚያ በኩል ያዝ። ከወገቡ ደግፈው፤ እጁን እንዳትጎትት።»

ከወገቡ ደገፍኩት። ከገመትኩት በላይ ከባድ ነበር። ሦስታችንም እየተነፈስን ወደ መስኮቱ ገለበጥነው። እሷ ትራሱን ከጀርባው ወተፈች፤ እሱ ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንዳረፈ ዓይኑን ጨፈነ።

«በል» አለኝ። «ዳቦ ጋጋሪዋ ጋ ነው የቆምነው። ትላንት እንዴት አደረች?»