ከፍልውሃው ግድግዳ ማዶ

ሺኖ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ሠላሳ ሞልቶታል ይላሉ አያቷ ኩኒዞ። በረዶው ከጀመረ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለምናቸው፦ ከተራራው ጫፍ እስከ መንደሩ ባለው ሰፊ ቁልቁለት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አብረው በስኪ፣ እግር ላይ በሚታሰረው የበረዶ መንሸራተቻ፣ እንዲወርዱ። ሚያዝያ ሲገባ ከተማ ሄዳ አዳሪ ተማሪ ትሆናለች። ከዚያ ወዲያ ማን ያውቃል?

"ጉልበቴ" ይላሉ እሳቸው። በዚያው ጉልበት ግን ቀኑን ሙሉ ቆመው ሰውን በገመድ ወደ ተራራው ጫፍ የሚያወጣውን የወንበር ሊፍት ሲያንቀሳቅሱና በረዶ ሲዝቁ ይውላሉ።

አንድ ቀን በረዶው ሲጥል ዋለ። ሊፍቱ ሲቆም ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ወደ መንደሩ ፍልውሃ ወረዱ። ወንዶቹንና ሴቶቹን የሚለየው የእንጨት ግድግዳ ጣራውን አይነካም፤ ባልና ሚስት እንኳ "ልወጣ ነው፣ አንቺስ?" የሚባባሉት በላዩ ነው። ሺኖ ፀጉሯን በሳሙና ስታሽ ከማዶ የአያቷ ድምፅ መጣ።

"ሺኖ፣ ብቻሽን ነሽ?"

ዓይኗ ውስጥ ሳሙና ገብቷል። "ብቻዬን ነኝ፤ ጦጣ ካልመጣ በቀር።"

"ጉልበቴን አያመኝም።"

"እሱንማ ድመቷም ታውቃለች።"

"ስሚኝ አንቺ! ዓይኔ ነው። ሲደምን፣ ሁሉም ነጭ ሲሆን፣ ጉብታው የቱ እንደሆነ ጉድጓዱ የቱ እንደሆነ አይታየኝም። አምና ቁልቁለቱ መሃል ላይ ቁጭ አልኩ። ስኪ ያስተማርኳቸው ልጆች በአጠገቤ ሲያልፉ ጫማዬን የማስር መሰልኩ።"

ሺኖ ፊቷን በውሃ ታጠበች። ዓይኗን ያቃጠላት ሳሙናው ብቻ አልነበረም።

"እኔ ልምራዎታ! ከፊት ከፊት እየጮህኩ እወርዳለሁ፤ ድምፄን ይከተላሉ።"

"በአንቺ ልመራ? ንፍጥሽን ስጠርግ የኖርኩት እኔ?"

"ንፍጤን አሁን ራሴ እጠርጋለሁ። ፈርተው ነው!"

"ፈርቶ ነው!" አለ ከሴቶቹ ገንዳ ጥግ ሌላ ድምፅ።

ጎረቤታቸው እማማ ታኪ! እስከ አገጫቸው ውሃ ውስጥ ገብተው፣ በእንፋሎት ተሸፍነው፣ ሁሉንም ሰምተዋል። "አንተ ግትር! ካንተ በፊት ሊፍቱን ሃያ ዓመት ያንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ። ነገ እኔ አለሁ፤ ልጅቷን ይዘህ ውጣ!"

ከማዶ ውሃው ተንቦጫረቀ፤ በሩ ጓ አለ። "ልወጣ ነው" እንኳ አላሉም።

እራት ላይ ሾርባቸውን ጠጡ፤ ቀና ብለው አላዩዋትም። ሺኖ ሳህኗን አስቀመጠች። ብቻዬን ነኝ ያለችው እሷው ናት።

"አባባ፣ ይቅርታ። እውነት አላየኋቸውም።"

"ብይ" አሉ። በቃ።

ጠዋት ወደ ሊፍቱ ስትሄድ እማማ ታኪ ብርድ ልብስ ተከናንበው ማንቀሳቀሻው ፊት ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ኩኒዞ ቆመዋል፤ ስኪያቸውን አስረዋል።

"ምን አፍጠሽ ታይኛለሽ?" አሉ። "መንደሩ ሁሉ ካወቀ ወዲያ ምን የምደብቀው ቀረኝ?"

"እኔ ለሁለት ሰው ብቻ ነው የነገርኩት!" አሉ እማማ ታኪ።

ላይ ሲደርሱ ሰማዩና መሬቱ አንድ ሆነዋል። በረዶው ጉልበት ይውጣል፤ እንደ ተነፋ ዱቄት ይቦናል። ለሺኖ ጉብታው በደብዛዛው ይታያታል። ፊት ወጣች።

"ግራ! አሁን ቀኝ! በቀኝ በኩል ዛፍ አለ፣ ከሩቁ ሰላም ይበሉት! ግራ!"

ከኋላዋ የበረዶው ሽውታ ይሰማታል። ዞር ብላ ልታይ አሰኛት፤ ግን ድምጿ ቢቋረጥባቸውስ? የምትለው ሲያልቅባት የአስተማሪዎቿን ስም ጠራች፤ የሒሳቡን አስተማሪ በቅጽል ስሙ። ከኋላዋ ሳቅ ሰማች። እየሳቁ ነው የሚወርዱት!

ትንፋሽ ሲያጥራት ቆመች። ሽውታው አጠገቧ መጥቶ ቆመ። የአያቷ ቅንድብ ላይ በረዶ ተቆልሏል፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል።

"አባባ! ጨፍነው ነው የወረዱት?"

"ክፍት ሆኖ ሲያታልለኝ ከሚውል።" እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዋን ፈለጉ፤ አገኙት፤ ያዝ አደረጉት። "በይ እንግዲህ። ግራ ነው ቀኝ?"

"ቀኝ" አለች ሺኖ። ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። "ቀኝ፣ አባባ።"