በአጭር ቡትስ የተጣሉ እግሮች

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ጫማ ቤት፣ የትርንጎ ቀኝ እግርና ግራ እግር ተጣሉ። ጠቡ የተነሳው በአጭር ቡትስ ነው። ቀኙ ወፍራም ሶል ያለውን፣ በክር የሚታሰረውን ጥቁር ፈለገ። ግራው ባለታኮውን፣ በጎኑ ዚፕ ያለውን ቀይ ዳማ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አብረው ሲኖሩ ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም ነበር።

የጫማ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ አልደነገጡም።

«ያጋጥማል» አሉ። «ባለፈው ሳምንት የአንዲት ነርስ እግሮች እዚሁ ተኳርፈው፣ እህቷ አዝላ ነው የወሰደቻት።»

ትርንጎ የአየር ጠባይ መለኪያ ጣቢያ ሠራተኛ ናት። በየማለዳው የዝናቡን መጠንና የብርዱን ልክ እያየች ትመዘግባለች። ከዚህ የተነሳ እንግዳ ነገር ሲገጥማት መጀመሪያ ሰዓቷን ታያለች። አየች። ጊዜ አልነበራትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ አውቶቡስ አለ፤ እዚያ ያለውን ጣቢያ በኃላፊነት እንድትይዝ ተመድባ እሺ ብላለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ አቶ ዳምጠው የሚባሉ የመሬት ቀያሽ እሷን ለማግባት ወንድሟ ቤት ሽማግሌ ይልካሉ። ለዚህም እሺ ብላለች። ትርንጎ እንቢ ማለት አይሆንላትም። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ሻንጣዋን ይዛ ነበር፤ ለወንድሟ ግን «ዚፑን ላሠራው ነው» አለችው።

ወይዘሮ አስካለ ወደ ጎረቤት ሱቅ ተጣሩና ልብስ ሰፊውን ጋሽ ወንድይራድን ለእርቅ አስጠሩ። ጋሽ ወንድይራድ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጥተው የጫማ ካርቶን ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ያዩት ሻንጣውን ነው።

«ዚፑ ነው የተበላሸው?»

«ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«እሺ። ጠበኞቹ ፊት ለፊት ይቀመጡ።»

ይህ ለትርንጎ አልተመቻትም። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቶቿን ወደ ውጭ ከፍታ፣ ሁለቱን እግሮች እንደ ምንም ፊት ለፊት አደረገቻቸው።

«ቀኝ ይናገር» አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

«የእኔ ቃል አጭር ነው» አለ ቀኝ እግር። ድምፁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይመስላል። «መሐል ሜዳ ውርጭ አለ። ውርጭ ላይ በታኮ አይቆምም። ጨርሻለሁ።»

«ግራስ?»

«ሽማግሌ በተቀመጠበት በዚያ የወታደር ጫማ መግባት ቤተሰብን ማዋረድ ነው» አለ ግራ እግር። «አቶ ዳምጠው ጨዋ ሰው ናቸው። ደግሞ ሌላም ቅሬታ አለኝ። ደረጃ ስትወጣ ሁልጊዜ የምታስቀድመው እሱን ነው።»

«እውነት ነው?» አሉ ጋሽ ወንድይራድ ወደ ትርንጎ ዞረው።

«እውነት ነው» አለች ትርንጎ። አፈረች።

ጋሽ ወንድይራድ ሜትራቸውን እየጠቀለሉ አሰቡ። ከዚያም ፈረዱ፦ እያንዳንዱ እግር የወደደውን ያድርግ። ትርንጎ በቀኝ ጥቁሩን፣ በግራ ቀይ ዳማውን አጥልቃ ተነሳች። በሩን አየችና ወደ በሩ ሄደች። የደረሰችው ግን መስተዋቱ ጋ ነው። እንደገና ሞከረች፤ ሱቁን አንድ ዙር ዞራ አግዳሚው ጋ ተመለሰች። በሦስተኛው ዙር ወይዘሮ አስካለ መንገድ ለመልቀቅ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«እንዲህ ሆነሽ መንገድ አትወጪም» አሉ። «ለመሆኑ አንቺስ?»

«እኔስ ምን?»

«አንቺ የቱን ትፈልጊያለሽ?»

ትርንጎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ይህን ጥያቄ የጠየቃት አልነበረም፤ ስለ ጫማም፣ ስለ ሌላም። 

«አቶ ዳምጠውን አልፈልጋቸውም» አለች።

ቀይ ዳማውን አወለቀችው። ግራ እግር ቀስ ብሎ፣ «ጥሩ ሰው መሆናቸው አይበቃም?» አለ።

«ለሌላ ሴት ይበቃል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«መች ጠየቃችሁኝ?»

ቀኝ እግር ያሸነፈ መስሎት ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። ትርንጎ ግን ጥቁሩንም አወለቀችው። ባዶ እግሯን ሄዳ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ቡናማ ቡትስ አነሳች፤ ክር የለው፣ ዚፕ የለው፣ ታኮ የለው፣ በግራና በቀኙ ላስቲክ ብቻ ያለው።

«ይኼንን ማን ፈለገው?» አሉ ሁለቱ እግሮች በአንድ አፍ።

«እኔ።»

ጋሽ ወንድይራድ እርቅ ሳይወርድ ጫማ እንደማይደረግ አሳሰቡ። «ተሳሳሙ» አሉ። ትርንጎ ሁለቱን ውስጥ እግሮቿን አጋጠመቻቸው። ለአፍታ እንደዚያው ቆዩ፤ ግራው ትንሽ ላብ ላብ ብሎት ነበር። ከዚያም ቡናማውን አጠለቀችና እየተራመደች በበሩ ወጣች።

መናኸሪያ ስትደርስ ለወንድሟ ደወለች።

«ወደ መሐል ሜዳ ልሄድ ነው፤ ሽማግሌዎቹን መልስልኝ» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«እግሯ እንቢ አለ በላቸው።»

 «የትኛው?»

«ሁለቱም። እኔም።»

«ሦስት ከሆናችሁ ምን እላለሁ» አለ ወንድሟ። «ብርድ ልብስ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

አውቶቡሱ በሰዓቱ ተነሳ። ትርንጎ ሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ተቀምጣ፣ ሻንጣዋን ታቅፋ፣ እንዲሁ ለብቻዋ ትስቅ ነበር። ጣርማ በርን ካለፉ በኋላ ጉም ወረደ። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና ጠፋ። ተሳፋሪው አንድ በአንድ አንቀላፋ፤ የአንዱ ራስ የሌላው ትከሻ ላይ ወደቀ።

ያኔ ነው ከወንበሮቹ ሥር የሰማችው። የተሳፋሪዎቹ እግሮች በሹክሹክታ ያወራሉ። ባለወታደር ጫማው፣ ባለሸራው፣ ባለላስቲክ ጫማው፣ ነጠላ ጫማ ያደረገው የአንዲት እናት እግር። ድምፆቹ ብዙ ናቸው፣ አይቸኩሉም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። የራሷም ሁለቱ እግሮች ወደ መተላለፊያው ዘንበል ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ምን እንዳሉ አልያዘችውም።

ከዚያም ሹክሹክታው ቆመ። ከፊት፣ ሾፌሩ እግሩን ካሳረፈበት ነዳጅ መስጫ በኩል፣ አንድ ጎርናና ድምፅ «እንግዲህ ተስማምተናል፤ በሜዳው እንሄዳለን» አለ።

አውቶቡሱ ቀስ ብሎ ከአስፋልቱ ወረደና ወደ ሜዳው ገባ፤ ሳይንገጫገጭ፣ ጉሙን እየሰነጠቀ። ትርንጎ በመስተዋቱ ውስጥ ሾፌሩን አየችው። አገጩ ደረቱ ላይ አርፏል፣ ሁለት እጆቹ ጭኑ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዓይኖቹ ተከድነዋል።