ከአልጋ እግር የታሰረ ብረት

ስፒከር ገጣሚው በሩን በክርኑ ገፋ አድርጎ ገባ። አሮጊቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የተቀደደ ካልሲ ትሰፋ ነበር።

"ማዘር፣ ትንሽ ላስቸግርዎት። የኋላዎቹ ስፒከሮች እዚህና እዚህ ናቸው" አለ፣ ከራስጌዋና ከግርጌዋ በላይ በእርሳስ ምልክት እያደረገ።

"እኔ ምን ልሰማበት? የሳሎኑስ መቼ አንሶኝ።"

"ለእርስዎ አይደለም። የመሃሉ ግድግዳ ፈርሶ ሳሎኑ ሲሰፋ ሶፋው አልጋው ያለበት ይመጣል።"

"አልጋውስ?"

"እሱን አልነገሩኝም።" እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወጣ።

መርፌዋ ካልሲው ላይ ቆመ። ይሄን ቤት ከባሏ ጋር ብሎኬት ተሸክማ ያቆመችው እሷ ናት። ባሏ ሲሞት ትልቁን መኝታ ቤት ለልጇና ለምራቷ ለቃ ወደዚህች ጓዳ የገባችውም በገዛ ፈቃዷ ነው። ለካ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ምራቷ ሰሞኑን "ሴት ልጅዎ ጋ ሄደው ቢቆዩ አየሩ ይስማማዎታል" ስትል የከረመችው ለዚህ ኖሯል።

ትንሽ ቆይቶ ግድግዳው ውስጥ የሆነ ነገር ይቧጥጥ ጀመር። ባሏ ለደወል ብሎ የቀበረው ቱቦ ከሳሎን ተነስቶ ከአልጋዋ ኋላ ይወጣል። ገጣሚው ሽቦ የሚጎትትበትን ቀጭን ብረት በዚያ እየገፋ ነው፤ ወዲህ ሲወጣለት መጥቶ የስፒከሩን ሽቦ ያስርበትና ከሳሎን ይስበዋል። ቆልማማው የብረት ጫፍ ብቅ ሲል አሮጊቷ በሩን ቀረቀረችና ጫፉን በልብስ ማስጫ ገመድ ከአልጋው እግር ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

"ማዘር፣ ይክፈቱልኝ፤ ሽቦ ላስር ነው።"

"ልጄን ጥራው።"

ገጣሚው ተመልሶ ብረቱን ከሳሎን ሳበ። አልጋው ሲጥ አለ። ደግሞ ሳበ። እሷ ከላይ ተደላድላ ተቀመጠችበት።

"እማማ፣ የሰው ዕቃ እኮ ነው" አለች ምራቷ ከበሩ ወዲያ።

"ጓዳውስ የማን ዕቃ ነው? ባልሽን ላኪው።"

ልጇ ሲመጣ ከፈተችለትና ወደ አልጋዋ ተመለሰች።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ?"

"ሰውዬህ ጓዳዬን በእርሳስ ሸነሸነው። አልጋዬ የት እንደሚሄድ ግን አላውቅም አለ። አንተ ታውቃለህ?"

ልጇ ጣሪያውን አየ። "ገና አልወሰንንም እኮ።"

"እርሳሱ ወስኗል።"

"እኔ እንኳን... እሷ ናት..."

"ሚስትህን እዚያው ተዋት። ውጪልኝ በለኝ፣ በራስህ አፍ። ካልከኝ ገመዱን ፈትቼ ሻንጣዬን አነሳለሁ።"

ልጇ ወደ በሩ ዞረ። ምራቷ በሩን ሞልታ ቆማ ነበር።

"እኔ ልንገርዎት። ቤቱ ጠቦናል፤ ሴት ልጅዎ ጋ ይሂዱልን።"

"አንቺስ ወንድ ነሽ። እኔ ግን የጠየቅኩት የወለድኩትን ነው።"

ልጇ ተንበርክኮ አልጋው ሥር ገባ። "እግርሽን አንሺልኝ" አለ ከታች።

"አላነሳም።"

ከገመዱ ጋር ሲታገል ቆይቶ ፀጉሩ አቧራ ለብሶ ወጣ። "ጠብቋል።"

"ቢላው ጠረጴዛው ላይ አለ። ቁረጠው።"

ቢላውን አየው። እሷንም አያት። ሳይነካው ወጣ።

"የኋላዎቹ ይቅሩ" ሲል ከሳሎን ሰማችው። "ሁሉንም ከፊት አድርጋቸው።"

ያኔ ጎንበስ ብላ ገመዱን ራሷ ፈታች። ብረቱ እየተንቋቋ በቱቦው ተመለሰ።

"እንደሱ ከሆነ ትልቁን ስፒከር እዚህ ስቀልልኝ" አለች ምራቷ ከሳሎን፣ ሆን ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ከራስጌዋ ጀርባ። ግድግዳውን ከወደደችው ትስማው።"

ድሪሉ ጮኸ። ከግድግዳው የልስን ዱቄት ትራሷ ላይ ረገፈ። አሮጊቷ ትራሱን አንስታ በመስኮት አራገፈችው፤ መልሳ እዚያው ራስጌዋ ላይ አደረገችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።