ከደረጃው ሥር

ልጄ ዝማሬ አራዳ ካለ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጠረች። የመጀመሪያውን ቀን ከአዘዞ አብሬያት መጣሁ። የምትሄደው በዊልቸር ነው፤ ቢሮው ግን ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍትም የለው።

ኃላፊው አቶ ህሩይ ከደረጃው ራስ ሆኖ ቁልቁል አየን። "መውጣት ካልቻለች ተጠባባቂ አለ፤ እሱን እጠራለሁ" አለ።

ሥራው ሊያመልጣት ነው ብዬ ደነገጥሁ። ትምህርት ቤት ያደረስኋት በጀርባዬ ነበርና ነጠላዬን ፈትቼ ፊቷ ቁጢጥ አልሁ። "ነይ፣ ላዝልሽ።"

"እማዬ፣ ተነሽ እንጂ!"

"ምነው ልጄ? እንጀራሽ ሊሄድ ነው እኮ!"

"ሽንት ቤት ስሄድስ ማን ያወርደኛል? ነገስ?" አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣ "አቶ ህሩይ፣ የፈተናችሁኝ እዚህ ምድር ቤት ነው። እዚሁ ብሠራ ምን ይጎድላል?" አለችው።

"እሱ አሁን የወረቀት መጋዘን ሆኗል።"

"ታዲያ ወረቀቱ ፎቅ ይውጣ። እሱን መሸከም ይቀላል።"

ደጁ ላይ የቆመው ዘበኛ ሳቀ። እኔ ግን አሁን ያባርራታል ብዬ ፈራሁ።

አቶ ህሩይ፣ "የመጋዘኑን ቁልፍ አምጣ" ብሎ ዘበኛውን አዘዘ፤ ደረጃውንም መውረድ ጀመረ። ዝማሬ ጎማዋን እየገፋች ወደ መጋዘኑ በር ሄደች። እኔ ገና ቁጢጥ እንዳልሁ ነበርሁ።