ወራጅ አለ

ዓይኔ ሲታከም ከዳር የቆመ ሰው ሁሉ ከዚያ በኋላ ለእኔ አይኖርም። ለሌላው ሰው እንዳለ አለ፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ታክሲ ይሳፈራል። እኔ ግን አላየውም፣ ድምፁንም አልሰማም። ይሄንን የነገረችኝ ዶክተር ፌቨን ናት። ስትነግረኝም ጠብታ እንደሚያዝ ሰው ረጋ ብላ ነው።

ስኳር ካለብኝ ቆይቷል። ግራ ዓይኔን ቀስ አድርጎ ወሰደው። ቀኙ ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ቀይ ጭስ ሞላበት። ዶክተሯ በማሽን አየችውና፣ ከዓይኔ ጀርባ ባለው ስስ ሽፋን ላይ የማይረቡ ቀጫጭን የደም ሥሮች በቅለው ፈንድተዋል፣ ሽፋኑንም እየጎተቱ ሊያስለቅቁት ነው አለች።

"ገብቼ ደሙን እጠርጋለሁ፣ ሽፋኑን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ከዚያ ዳር ዳሩን በጨረር እተኩሰዋለሁ። ዳሩ ካልተተኮሰ መሃሉ አይተርፍም።"

"ዳር ላይ ያለው ሰውስ?" አልኳት።

"እሱ አብሮ ይሄዳል፣ እማማ። ጎረቤትና ባዳ አይነካም፤ የቅርብ ሰው ግን መሃል ካልቆመ፣ ቤቱ ቢቀርም ዳር ነው። መሃል እንዲቆሙ የሚፈልጓቸውን ሰዎች ይዘው ይምጡ።"

"ስንት ሰው ይይዛል?"

"ተጠጋግተው ከቆሙ ሦስት።"

ባለቤቴ ውብሸት አብሮኝ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ "ትርፍ አይጫንም?" ብሎ ጠየቀ። አይጫንም አለችው።

ቤት ገብተን ተነጋገርን። እህቴ እማዋይሽ፣ "አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ዳር ልቆም ነው?" አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ "ግድ የለም፤ ተኮራርፈን ስንት ዓመት ሳንተያይ ኖረን የለ? ለምደነዋል" ብላ ተነሳች። ስትወጣ ጉንጬን ሳመችኝ። በሩ ሲዘጋ አለቀስኩ፤ ምን አስዋሸኝ። ወንዱ ልጄ ናትናኤል ከሥራ ቦታው ደውሎ በፎቶ መቆም ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ፎቶ የራሱ ዳር አለው፣ አይሆንም ተባለ። እሺ እመጣለሁ አለ።

ስለዚህ ናትናኤል፣ እህቱ መክሊትና ውብሸት ሆኑ። ሦስት። እግዜር ይመስገን ልክ ሞላ ብዬ እፎይ አልኩ። መክሊት ነፍሰ ጡር መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆዷም ገፍቷል። ይሄ ነገር ቦታ እንደሚይዝ ግን አንዳችንም አላሰብንም።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ዓይኔን በመርፌ አደነዘዙት። እኔ ራሴ ነቅቻለሁ። እንዳልንቀሳቀስና እንዳልናገር ተነግሮኛል፤ መሣሪያው ውስጥ እያለ አንዲት ቃል ካወጣሁ መሃሉም ይሄዳል። በጀርባዬ ስለተኛሁ ሰዎቼ የሚቆሙት ጣሪያው ላይ ነው። አረንጓዴ ልብስ ለበሱ፣ ጫማቸው ላይ ላስቲክ አጠለቁና ወጡ።

ዶክተሯ ደሙን መምጠጥ ጀመረች። የቆሸሸ ውኃ ከሳፋ ሲደፋ እንደሚሆነው፣ ቀዩ እየሳሳ ሄደና መጀመሪያ ጫማቸው፣ ቀጥሎ ፊታቸው ታየኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

"አንድ ሰው ይበዛል" አለች ዶክተር ፌቨን ከላዬ።

"ጠጋ ጠጋ በሉ" አለ ውብሸት። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ነው። ልጆቹ ተጠጉ፣ እሱም በጎኑ ዞሮ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ።

"አሁንም ይበዛል።"

"ያልተወለደውም ይቆጠራል እንዴ?" አለ ውብሸት።

"ይቆጠራል።"

ውብሸት ልጆቹን አየ። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ እኔ አየ። ልብስ እንኳ አላስተካከለም።

"ወራጅ አለ" አለ።

ይሄን ቃል ዕድሜ ልኩን ሲሰማው ኖሯል፤ እሱ ራሱ ሲለው ግን ሰምቼ አላውቅም። ወደ ጎን ተራመደና ጨለማው ውስጥ ገባ። ና ተመለስ፣ ማን ውረድ አለህ ልለው ነበር። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ከተናገርኩ ሦስቱንም ላጣቸው ነው። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ በእሱም፣ በዶክተሯም፣ ዝም ባለው አፌም።

የጨረሩ አረንጓዴ ብርሃን ዳር ዳሩን ጠቅ ጠቅ እያደረገ መዞር ጀመረ። መክሊት አባቷ የቆመበትን አቅጣጫ እያየች ማልቀስ ጀመረች። ይሄኔ ከጨለማው አንድ እጅ ብቅ አለና ጉንጯን ጠረገላት። ብርሃኑ እጁ አንጓ ላይ ደረሰ፣ ጠቅ አደረገና አለፈ።

"አለቀ፣ እማማ። በደንብ ቆይተውልኛል" አለች ዶክተሯ።

በማግስቱ ፋሻው ተነሳ። ልጆቼን አየኋቸው፤ ናትናኤል አፍንጫው ላይ ያለችው ምልክት ሳትቀር ትታያለች።

"አባታችሁስ?"

"ይኸው አጠገብሽ" አለች መክሊት። አጠገቤ ያለው ባዶ ወንበር ነው።

ቤት ከገባን ወዲህ ጎረቤት ይመጣል። "ጋሽ ውብሸት፣ እንኳን ደስ አለዎት" ይሉታል ወንበሩን። ትንሽ ያዳምጡና ይስቃሉ። ድሮም ተጫዋች ነው። ምን አለ ስላቸው ይደግሙልኛል፤ እነሱ ሲደግሙት ግን አያስቅም። እንዲህ በሰው አፍ እየሰማሁት እኖራለሁ ማለት ነው አልኩ። ናፍቆኛል። አንድ ቤት እያደርን ናፍቆኛል።

ጠብታው የሚደረግልኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ጎረቤቶቹ ከሄዱ በኋላ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ መክሊትን ጠበቅሁ። የመጣው እጅ ነው። መሪ ያጠነከረው የውብሸት እጅ፣ ብልቃጡን በሁለት ጣት ይዞ። እስካሁን ያላየሁት ከጋቢው ሥር ሆኖ ይሆናል። ከአንጓው በላይ የሚታየኝ ግድግዳው ነው። ግንባሬን ደገፍ አድርጎ አንዲት ጠብታ ጣለ፣ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጁን ያዝኩት። ሙቅ ነው።

መክሊት ከበሩ ላይ ቆማ ታየናለች።

"አባዬ፣ በቃ እንጂ" አለች። "ደህና ናት እኮ።"

እጁ ከእጄ ወጣ። ወደ ላይ፣ ምንም ወደሌለበት ከፍ አለና አየሩን ከላይ ወደ ታች ጠረግ አደረገ። ተመልሶ ጉልበቴ ላይ ሲያርፍ ጣቶቹ ርጥብ ነበሩ።